ድምፅ ቊጥር ሆኖ ተመልሶ ድምፅ እስኪሆን

በየቤታችን የሚገኘው የሙዚቃ መሣሪያ ዛሬ ብዙ መልክ አለው። በአንዱ ቤት ሲዲ ማጫወቻ ከማጉያውና ከሁለት ስፒከሮች ጋራ ተደርድሮ ይታያል፤ በሌላው ቤት ደግሞ ትንሽ ስልክ እንደ ጣሳ ከተሠራ ስፒከር ጋራ ያለ ሽቦ ይነጋገራል። መልኩ ይለያይ እንጂ በሁሉም ውስጥ የሚፈጸመው ሥራ አንድ ነው። ይኸውም በቊጥር ተጽፎ የተቀመጠውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መለወጥ፥ ያንንም ደካማ ሞገድ ስፒከር ለማንቀሳቀስ እስኪበቃ ድረስ ማጉላት ነው። እኛም ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ ይህ ሥራ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ መረጥን።

የመረጥንበትም ምክንያት በክፍላችን ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። አንዳንዶቹ ጓደኞቻችን «ዲጂታል ድምፅ የተቈራረጠ ነው፤ ሸክላ ግን ሙሉውን ይዞአል» ይላሉ፤ ይህንንም ከአባቶቻቸው ሰምተውታል። ሌሎቹ ደግሞ «ቊጥር አይሳሳትም፤ ስለዚህ ዲጂታል የሆነ ሁሉ ፍጹም ነው» ሲሉ ይመልሳሉ። ታሪኩን ተከትለን ስንመረምር ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር እንደ ዘነጉ ተረዳን። ድምፅ ወደ ቊጥር የሚገባበትና ከቊጥር የሚወጣበት በር አለ፤ ሙዚቃው የሚጠበቀውም የሚበላሸውም በነዚህ በሮች ላይ ነው። (በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

እንደሚታወቀው ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። የክራር ጅማት ሲመታ በአጠገቡ ያለውን አየር ይገፋዋል፥ ይስበዋል፤ መገፋቱና መሳቡም እየተላለፈ ከጆሮአችን ይደርሳል። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ፎኖግራፍ የተባለውን መሣሪያ ሲሠራ ይህን መንቀጥቀጥ በመርፌ አማካይነት በቀጭን የቆርቆሮ ቅጠል ላይ እንዲቀረጽ አደረገ። መርፌው በተቀረጸው መስመር ላይ ተመልሶ ሲሄድ ድምፁ እንደ ገና ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሸክላም የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ የመስመሩ መጣመም የሞገዱ መጣመም አምሳያ ነው። አናሎግ የሚለው ቃል የሚገልጸውም ይህንኑ አምሳያነት ነው።

አምሳያ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን አንድ ችግር አለበት። አቧራ በመስመሩ ውስጥ ቢገባ መርፌው አቧራውንም ሙዚቃ ነው ብሎ ያነበዋል። ከካሴት ወደ ካሴት ቀድቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም፤ ሁለተኛው ቅጂ ከፊተኛው ይልቅ ይሻክራል፥ ሦስተኛውም ከሁለተኛው ይብሳል። የቱ ዘፈን፥ የቱ የቴፑ ሽሽታ እንደ ሆነ መሣሪያው የሚለይበት መንገድ የለውም።

የኤዲሰን መሣሪያ ድምፁን የሚያወጣው በመለከት ስለ ነበረ ማጉያ አልነበረውም። ማጉላት የተቻለው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 ሦስት ክፍል ያለውን ቫልቭ፥ ማለት አየሩ ተመጦ የወጣለትን የመስታወት አምፖል፥ ከሠራ በኋላ ነው። በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም ብለን «ማጉላት» የሚለውን ቃል ማብራራት ይገባናል፤ ብዙ ሰው ትንሹ ሞገድ ራሱ አድጎ የሚወጣ ይመስለዋልና። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በመስኖ እርሻ ላይ አንድ ሕፃን የቦዩን መዝጊያ በእጁ ከፍና ዝቅ ቢያደርግ ብዙ ውሃ ይለቀቃል፥ ደግሞም ይገደባል። ውሃው የሕፃኑ ጉልበት አይደለም፤ የሚፈሰው ግን እንደ ሕፃኑ እጅ አነሣሥ ነው። ማጉያም እንዲሁ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን ብርቱ ኰረንቲ በደካማው ሞገድ መልክ ይለቀዋል። አንድ ሲዲ ማጫወቻ ለማጉያው የሚሰጠው ሁለት ቮልት ያህል ነው፤ ኰረንቲውም ብዙውን ጊዜ የአምፔርን አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ባለ 8 ኦም ስፒከር 50 ዋት እንዲያገኝ ግን 20 ቮልትና 2.5 አምፔር ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ጭማሪ የሚመጣው ከሶኬቱ ነው።

ቫልቩን በመጀመሪያ ለትልቅ ሥራ ያዋለው የስልክ ድርጅት ነው። በ1915 ኒው ዮርክንና ሳን ፍራንሲስኮን የሚያገናኘው የስልክ መስመር ሲከፈት በመንገዱ ላይ ማጉያዎች ቆመውለት ነበር። ይሁን እንጂ ቫልቭ የሚያጎላው ሳይቀና ነው፤ ለትንሹ ሞገድ ብዙ፥ ለትልቁ ጥቂት እየሰጠ መልኩን ያጣምመዋል። ማጉያው አንድ ቢሆን ጆሮ ይታገሠዋል፤ በየጣቢያው ሲደራረብ ግን ንግግሩ ፈጽሞ የማይለይ ይሆናል። ሃሮልድ ብላክ የተባለው ወጣት መሐንዲስ በዚህ ጉዳይ ላይ ስድስት ዓመት ደከመ። ነሐሴ 2 ቀን 1927 ጧት ወደ ሥራው ለመሄድ የሃድሰንን ወንዝ በጀልባ ሲሻገር መፍትሔው በድንገት ታየው፤ ወረቀት ስላልያዘም ይዞት በነበረው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይ ሥዕሉንና ስሌቱን ጻፈው።

የብላክ ሐሳብ ለጊዜው ሞኝነት ይመስላል። ማጉያው ካወጣው ላይ ጥቂቱን ከፍሎ፥ ገልብጦም ወደ መግቢያው ይመልሰዋል። መግቢያው ላይ የገባውና የወጣው ሲነጻጸሩ የሚተርፈው ልዩነት ማጉያው የፈጠረው ጥመት ነው፤ ማጉያውም ይህን ጥመት ራሱ ያቀናዋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ በብዙ ድካም የተገኘው ጉልበት አብዛኛው በዚህ ይጠፋል። ብላክ አሥር ሺህ ጊዜ የሚያጎላ መሣሪያ ሠርቶ መቶ ጊዜ ብቻ እንዲያጎላ ማድረግን የመሰለ ነገር ነበረ ያቀረበው። የፓተንት መሥሪያ ቤቱም ስላልተዋጠለት በ1928 የቀረበው ማመልከቻ እስከ 1937 ድረስ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ሐሳቡ ወደ ሳሎን የገባው ደግሞ ቆይቶ ነው፤ በ1947 ዊልያምሰን የተባለ መሐንዲስ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ላይ ይህን ዘዴ የሚጠቀም ባለ 15 ዋት ማጉያ አሠራሩን አሳተመ፥ ብዙ ሰዎችም በየቤታቸው ሠሩት። ዛሬ በየስቴሪዮው ውስጥ ያለ ማጉያ ሁሉ ለማለት ይቻላል፥ የብላክ የጀልባ ላይ ሐሳብ ባለዕዳ ነው።

አሁን ወደ ቊጥሩ እንምጣ። የሚያስደንቀው ይህም ከዚያው ከስልክ ችግር የተወለደ መሆኑ ነው። ብላክ ጥመቱን ቢያስወግድም ጫጫታው ግን ቀረ፤ በየጣቢያው ሞገዱ ሲጎላ ከመንገድ የለቀመው ጫጫታም አብሮ ይጎላ ነበር። በፓሪስ የስልክ ምርምር ክፍል ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ አሌክ ሪቭስ በ1937 አዲስ ነገር አሰበ። ሞገዱን ራሱን ከመላክ ይልቅ ቁመቱን በየቅጽበቱ እየለኩ ልኩን በቊጥር ቢልኩስ? ቊጥሩም «አለ» ወይም «የለም» በሚሉ ሁለት ምልክቶች ብቻ ቢጻፍ፥ በመንገድ ላይ ምንም ያህል ጫጫታ ቢጨመርበት ተቀባዩ «አለ» ወይስ «የለም» የሚለውን ብቻ ለይቶ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ጫጫታው በየጣቢያው ይወድቃል እንጂ አይከማችም። ሪቭስ በ1938 በፈረንሳይ አገር ፓተንት አገባ፤ ነገር ግን ሐሳቡን በቫልቭ መሥራት እጅግ ብዙ አምፖልና ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ነበረ ለረጅም ጊዜ በወረቀት ላይ ቀረ።

በዚህ ዘመን ገንዘብ የማይቈጥረው ጦርነት ብቻ ነበር። በ1943 ሎንዶንና ዋሽንግተን በምሥጢር እንዲነጋገሩ የተሠራው ሲግሳሊ የተባለ መሣሪያ ንግግርን ወደ ቊጥር ይለውጥ ነበር፤ አንዱ ጣቢያ ብቻ ወደ 50 ቶን ይመዝን ስለ ነበረ የሎንዶኑ በሴልፍሪጅስ መደብር ምድር ቤት ውስጥ ተተከለ። ቊጥሩን የሚሰውረው ቊልፍ በሸክላ ላይ የታተመ ተራ ጫጫታ ነበር፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሸክላዎች በውቅያኖሱ ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ ይዞሩ ነበር። ሸክላ የዲጂታል ድምፅ የመጀመሪያ ሎሌ ሆኖ እንዳገለገለ ሸክላ ወዳድ አባቶቻችን ቢሰሙ ሳይደሰቱ አይቀሩም።

ምን ያህል ጊዜ መለካት ያስፈልጋል? ሃሪ ናይክዊስት በ1928 የጀመረውን፥ ቭላዲሚር ኮተልኒኮቭ በ1933 በሩሲያ ያረጋገጠውን ሕግ ክሎድ ሻነን በ1949 በግልጽ አስቀመጠው። ሕጉ በአንድ ሞገድ ውስጥ ካለው ከሁሉ ፈጣን መንቀጥቀጥ ከእጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ከለካን ሞገዱን ምንም ሳናጎድል መልሰን ልናገኘው እንችላለን ይላል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20,000 የሚደርስ መንቀጥቀጥ ነው፤ ስለዚህ በሴኮንድ ከ40,000 ጊዜ በላይ ብንለካ ይበቃል። ሕጉ ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለው። ከልኩ ያለፈ ፈጣን ነገር ሳይጣራ ከገባ ሌላ መልክ ለብሶ ይወጣል። በሲኒማ የሠረገላ መንኰራኵር ወደ ኋላ የሚዞር መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በድምፅም ላይ እንዲሁ ሰው ያልዘፈነው ድምፅ በዘፈኑ መካከል ይገኛል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ከእውነተኛው የሚለየው የለም። ስለዚህ በመግቢያው በር ላይ ወንፊት መኖር አለበት።

ትራንዚስተር በታኅሣሥ ወር 1947 በቤል ላቦራቶሪ ከተሠራ በኋላ የሪቭስ ሐሳብ ዕድሉ ተከፈተ። በ1962 በቺካጎ አካባቢ 24 ንግግሮችን በሁለት ጥንድ ሽቦ የሚያስኬድ የቊጥር ስልክ ሥራ ጀመረ፤ እያንዳንዱ ንግግር በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካ ነበር። ለሙዚቃ ይህ አይበቃም። ሙዚቃውን የጀመሩት ጃፓኖች ናቸው፤ የአገሩ የሬዲዮ ድርጅት ኤንኤችኬ በ1967 የቊጥር መቅጃ ለሕዝብ አሳየ፥ ዴኖንም በ1972 ባለ 13 ቢት መቅጃ ሥራ ላይ አዋለ። ይህን ያህል ቊጥር በፍጥነት ሊጽፍ የሚችል በእጅ የነበረ መሣሪያ የቴሌቪዥን ሥዕል መቅጃ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ድምፁ ሥዕል መስሎ ይቀዳ ነበር። በሲዲ ላይ የሚገኘው እንግዳ የሚመስል ቊጥር፥ 44,100፥ የመጣው ከዚህ ነው። በአሜሪካና በጃፓን ሥርዓት ሥዕሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይለወጣል፤ በያንዳንዱም 245 መስመር ላይ ሦስት ሦስት ልክ ቢጻፍ 44,100 ይሆናል። በአውሮፓ ሥርዓት 50 ጊዜ፥ 294 መስመር፥ ሦስት ልክ ቢባዛ ያው 44,100 ነው። አንባቢ እርሳስ ይዞ ቢያባዛው ደስ ይለዋል።

በዚህ ጊዜ ፊሊፕስ ወደ ታሪኩ ይገባል። ይህ የሆላንድ ኩባንያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ዘፋኞች ሸክላዎች በስሙ ታትመዋል፥ ካሴትንም በ1963 ለዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው። መጋቢት 8 ቀን 1979 በአይንድሆቨን ከተማ በብርሃን የሚነበብ ትንሽ ዲስክ ለጋዜጠኞች አሳየ፤ በዚያው ዓመትም ከጃፓኑ ሶኒ ጋራ አንድ ሥርዓት ለማውጣት ተስማማ። በስብሰባዎቹ ላይ ከተነሡት ክርክሮች የከበደው እያንዳንዱ ልክ በስንት ቢት ይጻፍ የሚለው ነበር። ፊሊፕስ 14 ይበቃል አለ፤ ሶኒ ከ16 ወዲያ አልቀበልም አለ። ነገሩ የሁለት ቢት ነገር ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ባለ 14 ቢት ልክ 16,384 ደረጃዎች ሲኖሩት ባለ 16 ቢት 65,536 አለው፤ ቊጥሩን ወደ ሞገድ ለሚመልሰው መሣሪያ ይህ ትልቅ ፈተና ነው።

ለምን ፈተና እንደ ሆነ ለመረዳት የገበያ ሚዛን እናስብ። ነጋዴው 1፥ 2፥ 4፥ 8 እያለ በእጥፍ የሚያድጉ መዝኖች ቢኖሩት የፈለገውን ክብደት እየደመረ ያገኛል። ለዋጩም እንዲሁ ይሠራል፤ ለያንዳንዱ ቢት አንድ ኰረንቲ አለው፥ እያንዳንዱም ከታናሹ እጥፍ ነው። ቢቱ «አለ» ሲል ኰረንቲው ይደመራል፥ «የለም» ሲል ይቀራል፤ ድምሩ የሞገዱ ቁመት ይሆናል። በ16 ቢት ላይ ታላቁ መዝን የታናሹ 32,768 እጥፍ ነው። ታናሹ አንድ ግራም ቢሆን ታላቁ ወደ 33 ኪሎ ይጠጋል ማለት ነው፤ ይህ 33 ኪሎ ከግማሽ ግራም በላይ ቢሳሳት የታናሹ መዝን መኖር ትርጉም ያጣል። እንዲህ ያለ ትክክለኛነት በጥፍር በምታህል የሲሊኮን ቁራጭ ላይ መፈለግ በዚያ ዘመን ከአቅም በላይ ለመሆን ምንም አልቀረውም ነበር።

በስምምነቱ ሶኒ ረታ፤ በ1980 የተጻፈው ደንብ 16 ቢት አለ። የፊሊፕስ መሐንዲሶች ግን ባለ 14 ቢቱን ለዋጭ ሠርተው ነበር፤ ሩዲ ቫን ደ ፕላስ የተባለው ባልደረባቸው እኩል ሊሆኑ የሚገባቸውን ኰረንቲዎች ቦታቸውን በፍጥነት እያለዋወጠ ስሕተታቸውን የሚያማክልበት ብልህ ዘዴ አበጅቶለት ነበር። ይህ ሁሉ ድካም ይጣል? አልጣሉትም። ለዋጩ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ መሥራቱ ቀርቶ አራት እጥፍ፥ ማለት 176,400 ጊዜ እንዲሠራ አደረጉት፤ በልኮቹ መካከል የሚገቡትን ቊጥሮች ከፊት የቆመ የሒሳብ ወንፊት ያሰላቸው ነበር። ከዚያም በኋላ ስሕተቱን ወደሚቀጥለው ልክ ማሻገር ጀመሩ። ይህ ዝርዝር ሳንቲም ያጣ ባለ ሱቅ የሚያደርገው ነው፤ ዛሬ ሃያ አምስት ሳንቲም ቢያጐድልብህ ነገ ይጨምርልሃል፥ በሳምንቱ መጨረሻ ሒሳቡ ትክክል ይሆናል። በዚህ ዘዴ የ14 ቢቱ መሣሪያ ጆሮ በሚሰማው ክልል ውስጥ የ16 ቢት ሥራ ሠራ። በእኛ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከብላክ ጋዜጣ ቀጥሎ የሚደነቀው ነገር ይህ ነው፤ የተሸነፈው ወገን ከሽንፈቱ የተሻለ መንገድ አገኘ።

ሶኒ በበኩሉ ጥቅምት 1 ቀን 1982 በጃፓን ለገበያ ባቀረበው የመጀመሪያው ሲዲፒ-101 ማጫወቻ ውስጥ እውነተኛ ባለ 16 ቢት ለዋጭ አገባ። ሆኖም ለግራና ለቀኝ በየተራ የሚያገለግል አንድ ለዋጭ ብቻ ነበረው። አንደኛው ወገን ከሌላው የሴኮንድ ሚሊዮንኛ 11 እጅ ያህል ይዘገይ ነበር፤ ድምፅ በዚህ ጊዜ የሚሄደው አራት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ጭንቅላቱን ጥቂት ያዘነበለ አድማጭ ከዚያ የበለጠ ልዩነት ይፈጥራል። ሁለቱም ማጫወቻዎች ከዲስኩ ላይ በሴኮንድ 1,411,200 ቢት የድምፅ ቊጥር ያነቡ ነበር። ዲስኩ ሲጫርም በ1960 ሪድና ሰለሞን የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ያወጡት የስሕተት ማረሚያ የጠፋውን ቊጥር አስልቶ ይተካዋል።

እንግዲህ «የተቈራረጠ ነው» ለሚሉት ጓደኞቻችን መልስ እንስጥ። ከለዋጩ የሚወጣው ሞገድ በርግጥ እንደ ደረጃ የተሰባበረ መልክ አለው። ነገር ግን የደረጃው ስለታማ ጥግ ራሱ ጆሮ የማይሰማው፥ እጅግ ፈጣን የሆነ መንቀጥቀጥ ነው። በመውጫው በር ላይ የቆመው ወንፊት ይህን ሲያስቀረው የሚተርፈው ደረጃ የሌለበት ለስላሳ ሞገድ ነው፤ ሻነን በሒሳብ ያረጋገጠውም ይህንኑ ነው። የፊሊፕስ አራት እጥፍ ፍጥነት ሌላ ጥቅምም የታየው እዚህ ላይ ነው። የማይፈለገው ነገር ከሙዚቃው ርቆ፥ ከ150,000 በላይ ስለሚጀምር ቀላል ወንፊት ይበቃዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ባለ 44,100 ማጫወቻዎች ግን ከ20,000 እስከ 22,050 ባለችው ጠባብ ስፍራ ላይ እንደ ገደል የቆመ ወንፊት ማበጀት ግድ ነበር።

«ቊጥር አይሳሳትም» ለሚሉት ደግሞ የአገራችንን ነገር እናንሣ። አቶ አምኃ እሸቴ ከ1969 ጀምረው በራሳቸው ስም ያሳተሟቸው ሸክላዎች፥ ኋላም በካሴት የወጡት ዘፈኖች ሁሉ አናሎግ ነበሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክ» በሚል ስም በሲዲ ያሳተማቸው የዚያ ዘመን ዘፈኖችም ወደ ዓለም የሄዱት በመጀመሪያ በቊጥር ከተጻፉ በኋላ ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ግን ማንም ያላሳተመው የሠርግ ዘፈን፥ የሞቱ አያቶች ድምፅ፥ ከውጭ አገር በደብዳቤ ፈንታ የተላከ ንግግር በካሴት ተቀድቶ ይገኛል። የካሴቱ ማግኔት በያመቱ ይደክማል። ወደ ቊጥር ካልተለወጠ ይጠፋል፤ በችኰላ ከተለወጠም ቊጥሩ የሚጠብቀው የተበላሸውን ነው። የቴፑ ራስ ሳይጠረግ፥ ወይም ፍጥነቱ ሳይስተካከል የተቀዳ ድምፅ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ሺህ ጊዜ ያው ጥመት ይኖርበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቅጂው መጠን ከፍ እንዳይል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ካሴት ድምፅ ሲበዛበት ቀስ እያለ ይሻክራል፤ በ16 ቢት ግን ከ32,767 በላይ ቊጥር የለም፤ የሞገዱ ራስ እንደ ቢላዋ ይቈረጣል፥ የተቈረጠውም አይመለስም። ከወላጆቻችን መካከል ይህን ሥራ ለማሠራት የሚያስቡ ቢኖሩ ዋናውን ካሴት እንዳይጥሉ እንለምናቸዋለን።

ስለ ለዋጩ የቀረው ነገር ባጭሩ የሚነገር ነው። የፊሊፕስ ዘዴ እስከ ጫፍ ቢገፋ ምን ይሆናል? በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ኢኖሴና ያሱዳ ከባልደረባቸው ጋራ በ1962 እንዳሳዩት፥ ፍጥነቱ በጣም ቢበዛና ስሕተቱ ሁሉ እየተሻገረ ቢታረም አንድ ቢት ብቻ ሊበቃ ይችላል። አንድ መዝን ብቻ ያለው ነጋዴ መዝኖቹ እርስ በርሳቸው ተሳሳቱ ብሎ አይጨነቅም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በማጫወቻዎች፥ ዛሬም በስልኮች ውስጥ የሚገኙት ለዋጮች በጣም ብዙዎቹ የዚህ ዘር ናቸው።

ያው ሐሳብ ወደ ማጉያው ተሻግሮአል። ትራንዚስተር ቫልቭን ተክቶ በ1960ዎቹ ሳሎን ከገባ በኋላም ማጉያው የቦዩን መዝጊያ በግማሽ ከፍቶ የሚሠራ ስለ ነበረ በመካከል የሚባክነው ኃይል ሙቀት ይሆን ነበር፤ የቀድሞ ማጉያዎች በጀርባቸው የብረት ክንፍ የተሸከሙት ሙቀቱን ለአየር ለመስጠት ነው። ዲ ክላስ የተባለው ማጉያ ግን መዝጊያውን ወይ ፈጽሞ ይከፍተዋል፥ ወይ ፈጽሞ ይዘጋዋል፤ ይህንንም በሴኮንድ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ጊዜ ያደርጋል። ሙዚቃው የሚገለጸው ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ መርዘምና ማጠር ነው፤ ከዚያ የሽቦ ጥቅልልና ኮንዴንሰር ፍጥጫውን አለስልሰው ወደ ስፒከር ይሰዱታል። ብዙዎች «ዲ» ዲጂታል ማለት ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ከኤ፥ ከቢና ከሲ ቀጥሎ የመጣ ፊደል ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ክላይቭ ሲንክለር በ1964 ኤክስ-10 የተባለውን እንዲህ ያለ ማጉያ ለሽያጭ አቅርቦ ነበር፤ ትራንዚስተሮቹ ለመክፈትና ለመዝጋት ዘገምተኞች ስለ ነበሩ የተባለለትን አሥር ዋት አላገኘም። ሪቭስ ትራንዚስተርን እንደ ጠበቀ ይህም ሐሳብ ፈጣን ትራንዚስተር እስኪመጣ ድረስ ጠበቀ። ዛሬ ከሚወስደው ኃይል ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠውን ለስፒከሩ የሚሰጥ ማጉያ ከጣት ጫፍ ባነሰ ቁራጭ ላይ ይሠራል፤ ያ ጣሳ የመሰለው ስፒከር በትንሽ ባትሪ ቀኑን ሙሉ የሚዘፍነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከማጉያው የሚወጣውን ሞገድ የሚቀበለው ስፒከር ግን ከሁሉም ይልቅ ጥቂት የተለወጠ ነው። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ በ1925 በጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ባሳዩት ዓይነት፥ ከሾጣጣ ወረቀት ጋራ የተጣበቀ የሽቦ ጥቅልል በማግኔት መካከል ይንጠለጠላል፤ ኰረንቲው ወደ አንድ ወገን ሲፈስ ወደ ፊት ይወጣል፥ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይገባል፤ ወረቀቱም በፊቱ ያለውን አየር እየገፋና እየሳበ ወደ ጆሮአችን ያደርሰዋል።